የቆራጣዋ ምስክር

«የት ሆነሽ ነው ያየሻት?» አለች ደብሪቱ፣ ቅጹን በሞተር ሳይክሏ ወንበር ላይ ዘርግታ እስክሪብቶ እየፈለገች።

ሙሀባ መልሱን ታውቀዋለች። ከዓርብ ጀምሮ ቢያንስ አሥር ጊዜ ተናግራዋለች፤ «ደረቁ ወንዝ ዳር፣ ግራሩ ሥር።» ዛሬ ግን በእግሯ አውራ ጣት አቧራውን መጫር ያዘች። አጎቷ ሷሊሕ አጠገቧ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፏል። ሚስቱ ሰሊማ የምትወቃውን ማሾ ትታ፣ ሻርፗ ላይ የተጣበቀውን ገለባ እያራገፈች መጥታለች። ሁሉም የሚጠብቁት ያንኑ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

«ትንሽ ትረፍ። ልጅ ናት፤ ደንግጣለች» አለ ሷሊሕ።

ደብሪቱ ራሷን ነቀነቀች። ከደብረ ሲና የመጣች የተኩላ ጥበቃ ሠራተኛ ናት፤ ብርድ ላይ ያደገች ስለሆነች የቆላው ሙቀት ገና አልተዋሐዳትም። ጠርጋ ሳትጨርስ ፊቷ እንደገና በላብ ይጠመቃል።

ተኩላዎቹ ወደ ይፋት ቆላ ከተመለሱ አራት ዓመት ሊሆን ነው። ሽማግሌዎቹ በልጅነታቸው በመንጋ ሲያልፉ ያዩዋቸው፣ ኋላ ግን ድራሻቸው የጠፋ፣ ጆሯቸው ሰፊ፣ ጠጉራቸው ዝንጉርጉር የሆኑ ተኩላዎች ነበሩ። መንግሥት ዘጠኝ ተኩላ ከነመመሪያው አምጥቶ ለቀቀ። የመንደሩ ሰው «ከተኩላው መመሪያው ይበዛል» እያለ ይቀልዳል። ተኩላ የገደለ ይታሰራል። ውሻ ያለው ያስከትባል። ተኩላ ፍየል ከበላ መንግሥት ፍየል ይተካል፤ ጠባቂው ከመንጋው ጋር ካልነበረ ግን ምትክ የለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የተመሰከረባት ተኩላ ደግሞ ተይዛ ከአገሩ ትወጣለች።

ከዘጠኙ ገሚሶቹ በውሻ በሽታ አለቁ፤ ሌሎቹ ወደ አዋሽ በኩል ሄደው በዚያው ቀሩ። እዚህ የቀረችው የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የተቆረጠ አንዲት ሴት ተኩላ ብቻ ናት። በቅጹ ላይ «ቁጥር ስድስት» ትባላለች፤ ሰዉ ግን ቆራጣዋ ይላታል። ጻድቅ አይደለችም። ሁለት ጊዜ የጎረቤታቸውን የካሚልን ፍየል ስትበላ በዓይን በብረቱ ታይታለች። የቀራት አንድ ነው።

ዓርብ ዕለት የሷሊሕ ዳልቻ ፍየል ጉሮሮዋን ተነክሳ ወደቀች። ለመውለድ ሁለት ሳምንት ያልቀራት፣ ሰሊማ በእጇ ማሽላ የምታቀምሳት ፍየል ነበረች። ሷሊሕ ከማሳው እየሮጠ ሲደርስ ነፍሷ ገና አልወጣችም። እንግዲህ በክት ስትሆን ቆሞ አያይ፤ ቢስሚላህ ብሎ አረዳት። የታረደችው ደግሞ ንክሻው ካለበት ላይ ነው። መመሪያው «ቁስሉ ሳይነካ ይታይ» ይላል።

«ይህን የጻፈው ሰው ፍየል ኖሮት አያውቅም» ብሏት ነበር ሷሊሕ ለደብሪቱ፣ ሳይቆጣ፣ እየገረመው። «እህቴ፣ አንቺ እስክትመጪ እስከ ሰኞ አትሙቺ ልበላት?»

ደብሪቱ ልትስቅ ብላ ተወችው። ከዚያ ነገሩን አስረዳች። ቆራጣዋ አንገት ላይ ያለው መከታተያ ባትሪው ካለቀ አራት ወር ሆኖታል፤ ዓርብ የት እንደዋለች መሣሪያ አይናገርም። ቁስሉም የለም። የቀረው የዓይን ምስክር ነው፤ እሱም የሙሀባ ቃል።

ሙሀባ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ጉብታ ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች።

እናቷ ሐምዲያ ጅዳ ከሄደች ዓመት አልፏል። ሸዋ ሮቢት ከተማ የተከራዩት ቤት ተለቀቀ፤ ሙሀባም ዕቃዋን በባጃጅ ጭና ወደ አጎቷ መንደር ገባች። ያን ቀን ዘመድ ተሰብስቦ እናቷን ሲያጽናና የሰማችውን አትረሳውም፤ «ትበላለች፣ ትጠጣለች፤ ምን ይጎድልባታል?» እውነት ነው፤ በልታለች፣ ጠጥታለች። አጎቷም ሚስቱም ክፉ አይደሉም። ብቻ ሷሊሕ የእህቱን መሄድ ስላልወደደው ከዚያ ወዲህ በስልክ እንኳ አነጋግሯት አያውቅም፤ ሰሊማ ደግሞ ሥራዋ ብዙ ነው። ስምንተኛ ክፍል ውስጥ ስሟ «የከተማዋ» ነው፤ በሦስት ሰው ዴስክ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች። የከተማ ጓደኞቿ መጀመሪያ በየቀኑ ይጽፉላት ነበር። ቀጥሎ በሳምንት ሆነ። አሁን እነሱም ረስተዋታል፤ እሷም መጠበቁን ትታለች።

የምትጠብቀው ዓርብ ስምንት ሰዓትን ብቻ ነው። እናቷ የምትሠራበት ቤት ሰዎች ከጁምዓ በኋላ ስልክ ይፈቅዱላታል። መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የለም፤ ከደረቁ ወንዝ ወዲያ ያለው ጉብታ ላይ ግን ሁለት መስመር ይመጣል። ሰሊማ መጀመሪያውኑ ተናግራለች፤ ፍየሎቹ በረት ሳይገቡ ጉብታ የለም። አንዲት ፍየል ብትጎድል ስልኩ ሣጥን ገብቶ ይቆለፋል፤ እስከ ክረምት አይወጣም። ሰሊማ ደግሞ ያለችውን ታደርጋለች።

ያን ዓርብ ፍየሎቹ አልሰበሰብ አሉ። ስምንት ሰዓት ሞላ፤ ሙሀባ «አሥር ደቂቃ ብቻ» ብላ ወንዙ ውስጥ ትታቸው ጉብታውን ወጣች።

እናቷ አልደወለችም። አሥሩ ደቂቃ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ከዚያም አለፈ። «አሁን ብወርድ አሁን ትደውላለች» እያለች ሁለቱን የኔትወርክ መስመሮች አፍጥጣ ታያለች።

ብቻዋን ግን አልነበረችም። ከጉብታው ወዲያኛው ገጽ፣ አንድ ግራር ጥላ ሥር፣ ቆራጣዋ ተኝታ ነበር። አገጯን በፊት እግሮቿ ላይ አስደግፋ፣ አልፎ አልፎ ዝንብ በጆሮዋ ታባርራለች። አንድ ጊዜ ተነሣችና «ሁ… ሁ…» ብላ ተጣራች፤ ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፋ የሚሰማውን ድምፅ ይመስላል። ከዚያ ሰፊ ጆሮዎቿን አቁማ ጠበቀች። ማንም አልመለሰላትም። እንደገና ተጣራች፤ እንደገና ጠበቀች፤ ተመልሳም ተኛች።

«ላንቺም አልደወሉልሽም?» አለቻት ሙሀባ። በራሷ ቀልድ ሳቀች፤ ሳቁ ሳያልቅ እንባ መጣባት።

የፍየል ጩኸት የሰማችው ያን ጊዜ ነው፤ ከታች፣ ከወንዙ በኩል። ቁልቁል ስትሮጥ አንዴ ዞራ አየች። ቆራጣዋ ጉብታው ላይ ቆማ እያየቻት ነበር። ወንዙ ጋ ስትደርስ ዳልቻዋ ወድቃለች፤ የነከሳት ነገር ሄዷል። ውሻ ይሁን፣ ቀበሮ ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ሙሀባ አታውቅም። አጎቷ እያለከለከ ደርሶ «ምን ነካት?» ሲላት ከአፏ የወጣው «ቆራጣዋ» የሚል ነበር። የት ነበርሽ ብሎ የጠየቃት አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ያለው ሦስት ቀን፣ መንደሩ ከገባች ወዲህ አይታው የማታውቀው ዓይነት ነበር። ቦኖ ውኃ ጋ ሴቶቹ ተራቸውን ለቀውላት ወሬውን ጠየቋት። ዛሬ ጠዋት ትምህርት ቤት ቤዛዊት፣ የክፍሉ ሰው ሁሉ የሚከተላት ቤዛዊት፣ ደብተሯን ይዛ ሙሀባ ዴስክ መጥታ ተቀመጠች። «ፍሬንድ፣ እኔ ብሆን እዚያው ደርቄ ቀርቼ ነበር» አለቻት። ታሪኩም በየጊዜው እያደገ ሄደ፤ ቅዳሜ ጥርስ ተጨመረበት፣ ዛሬ ደግሞ ደም። ሙሀባ ውሸቷን ወደደችው። ስታወራ ሰው ዓይን ዓይኗን ያያታል፤ ይህን ያህል እንደናፈቃት አታውቅም ነበር።

«ሙሀባ፣» አለች ደብሪቱ እስክሪብቶዋን አግኝታ፣ «አትቸኩይ። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።»

«እትዬ ደብሪቱ፣ ሦስተኛ ከሆነባት የት ነው የሚወስዷት?»

«ሩቅ ነው። በሽቦ የታጠረ ግቢ አለ። ምንም አትሆንም፤ ትበላለች፣ ትጠጣለች።»

«ሌሎች ተኩላዎች አሉ እዚያ?»

ደብሪቱ ላቧን በእጅጌዋ ጠረገች። «የሉም» አለች።

የሷሊሕ እጅ አሁንም ትከሻዋ ላይ ነው፤ ከባድና ሙቅ። እንዲህ አድርጎ ይዟት አያውቅም ነበር። ሙሀባ ትንሽ ጊዜ እንዲቆይላት ፈለገች። ከዚያ ክንዷን አንሥታ ወደ ጉብታው ጠቆመች።

«እዚያ ነበርኩ» አለች።

የቀረውንም እሷው ተናገረችው፤ ስልኩን፣ አሥር ደቂቃውን፣ ግራሩን ጥላ። «ፍየሏ ስትጮኽ ቆራጣዋ እኔ ጋ ነበረች። ማን እንደነከሳት አላየሁም።»

እጁ ከትከሻዋ ላይ ተነሣ። ሰሊማ በለሆሳስ «ሱብሐነላህ» ብላ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች።

ደብሪቱ እስክሪብቶውን ቅጹ ላይ አልጫነችውም። ሷሊሕን አየችው፣ ከዚያ ሙሀባን። «ይህን ከጻፍኩት ጠባቂ አልነበረም ማለት ነው። ምትክ ፍየል አይመጣም። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ከእኔ ቀድመሽ ቤት ብትነግሪያቸው ጥሩ ነበር» አለች ደብሪቱ፣ ሳትወቅሳት። ጻፈች። ሙሀባ ስሟን በታች አሰፈረች፤ ሷሊሕም እንደ አሳዳጊ ፈረመ፤ ፊርማው ከወትሮው ረጅም ጊዜ ወሰደበት።

ሞተር ሳይክሉ አቧራውን አስነሥቶ ሄደ። ነገ ወሬው ትምህርት ቤት ይደርሳል፤ ቤዛዊትም ደብተሯን ይዛ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ሰሊማ ወደ ማሾዋ ዞረች። የዱላዋ ምት ከወትሮው ይጠነክራል። ሷሊሕ እንዳለ ቆሟል።

ሙሀባ ስልኩን ከኪሷ አወጣች። ሳትጠየቅ ዘረጋችለት።

«ጋሼ፣ ሣጥኑ ውስጥ ይቆለፍ። ግን ዓርብ ስምንት ሰዓት ላይ አንቱ ጉብታው ላይ ይውጡልኝ። እማዬ ብትደውል ማንም ሳያነሣው እንዳይቀር። ከፍየሎቹ ጋር ናት ይበሏት።»

ሷሊሕ ስልኩን ተቀብሎ በመዳፉ ላይ አገላበጠው። ወደ ቤት፣ ወደ ሣጥኑም አልሄደም፤ በሸሚዙ የደረት ኪስ ውስጥ ከተተውና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈው።

ፀሐይ ወደ ተራራው ማዘንበል ጀምራለች። ሙሀባ በትሯን አንሥታ ፍየሎቹን ልትሰበስብ ወደ ደረቁ ወንዝ ወረደች።