የሃንክ ዱሊን ማሊያ

ኤመት ክራንስተን ከምድር ቤቱ ደረጃ ሥር በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ዕድሜውን የሞቱ የቤዝቦል ተጫዋቾችን ማሊያ ሲያሳድድ የኖረ ሰው፣ ማሊያዎቹ ዙሪያውን እንደከበቡት ሞተ። የቶሌዶ ፖሊስ መርማሪዋ ዶሎረስ ፕሩዊት ጎንበስ ብላ የቀኝ እጁን ጣቶች ፈለቀቀች። ጥፍሮቹ ውስጥ ግራጫ የሱፍ ክር ነበር።

በቤቱ የነበሩትን ሦስቱን ሰዎች የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ሦስቱም ወለሉን ወለሉን ያያሉ።

«አራት ሰዓት ላይ ጓ ሲል ሰምቻለሁ» አለች የኤመት ልጅ ናዲን። «አባዬ እንደ ልማዱ ካርቶን የጣለ መስሎኝ እንቁላል መጥበሴን ቀጠልኩ። ሃያ ደቂቃ ወርጄ ሳላየው! እኔ ምን ዓይነት ልጅ ነኝ?»

«የኔ ይብሳል» አለ የአሮጌ ማሊያ ነጋዴው ቪንስ። «የዱሊንን ማሊያ ሽጥልኝ እያልኩ ዓመት ሙሉ ነዘነዝኩት። ዛሬ ልወስደው ነበር። እኔ በረንዳ ላይ ስልክ ሳወራ እሱ...»

«እኔ ጓሮ ነበርኩ» አለ ለአርባ ዓመት የኤመት ጓደኛ የነበረው ሌስተር ቦይድ።

ፕሩዊት ከምድር ቤት ያመጣችውን ካርቶን ከፈተች። ሟቹ ተጫዋች ሃንክ ዱሊን በ1931 የለበሰው ማሊያ እጅጌዎቹ ስስ ነጭ ወረቀት ተሞልተው፣ እንደ አራስ ልጅ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

«የእናንተ ቢሆን እንዴት ታስቀምጡታላችሁ?»

«ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ነው የምወረውረው፤ ይሸታል» አለች ናዲን።

«እኔ ሱቄ ውስጥ መስቀያ ላይ። ገዢ ያላየውን አይገዛም» አለ ቪንስ።

«መስቀያ?» ሌስተር ብድግ አለ። «አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ያህል ያረጀ ሱፍ ይሰቀላል? ትከሻው ይለጠጣል እኮ! መጀመሪያ እጅጌው ውስጥ ወረቀት ይገባል፣ ከዚያ...» ዓይኑ ካርቶኑ ላይ ቀረ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻ አልነበረውም።

ፕሩዊት ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ኤመት ሲወድቅ ማሊያውን ይዞ ነበር፤ ክሩ ጥፍሩ ውስጥ ቀርቷል። እጅጌው ውስጥ ያለው ወረቀት ደግሞ ደም ነክቶታል። ስለዚህ ማሊያውን ከእጁ አውጥቶ ያጠፈው ሌላ ሰው ነው፤ ያጠፈውም ከወደቀ በኋላ ነው። ትከሻው ላይ ሁለት ስፌት ተተርትሯል። ሁለት ብቻ! ተጓተታችሁ፤ ሌባ ቢሆን እስኪቀደድ ይጎትት ነበር። ለማሊያው የሚሳሳ ሰው ግን ስፌቱ ጠቅ ሲል ይለቃል። ያኔ ኤመት ከደረጃው አናት ወደ ኋላ ወደቀ። አይደለም አቶ ቦይድ?»

«አብረን ነው ያገኘነው» አለ ሌስተር። «ጎተራ ውስጥ አይጥ ሊበላው ሲል። እሱ ሊሸጠው! የለቀቅኩት እንዳይቀደድ ብዬ ነው እንጂ እሱ እንዲወድቅ አልነበረም።»

«እሱን አምንዎታለሁ። አስከሬኑን ያየው ሐኪም ግን ወዲያው አልሞተም ይላል። ቶሎ ቢደረስለት ይተርፍ ነበር። ምነው ሰው ሳይጠሩ በጓሮ በር ወጡ?»

ሌስተር ናዲንን ማየት አቃተው።

«ደሙ ወደ ማሊያው አንገትጌ እየመጣ ነበር፤ ቀድሜ ማሊያውን አነሳሁ። ‹ሌስ› ብሎ ጠራኝ። ‹መጣሁ፣ አንድ እጅጌ ብቻ ነው የቀረኝ› አልኩት። ስዞር አይተነፍስም።»