የላይ ቤት ቆጠራ

ለእናቴ ከጻፍኩላት ደብዳቤ በቀር በሕይወቴ ምንም ጽፌ አላውቅም፣ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ነው ያቆምኩት፣ ሰው ፊት ላውራ ስል ደግሞ ምላሴ ይተሳሰራል፣ ስለዚህ አጻጻፌ ቢያስቃችሁ አልቀየምም። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ጅን አየሁ፣ የሞተ ሰው ጠራኝ የሚሉትን ስሰማ በልቤ የምስቅ ልጅ ነበርኩ። የሮቤ ጎረቤታችን እማማ ሸዋዬ ከጓሯቸው ጽድ ሥር በስማቸው የሚጠራቸው እንዳለ ሲያወሩ፣ ሴቶቹ ሁሉ ሲያማትቡ፣ እኔ ነፋስ ነው ብዬ ውሃዬን ቀድቼ እሄድ ነበር። ደፋር ነበርኩ ማለቴ አይደለም፣ ሰው እፈራለሁ፣ አስተማሪ እፈራለሁ፣ እንዲህ ያለውን ነገር ግን አላምንም ነበር።

ከጎባ ከተማ በላይ፣ አስታ የሚባለው የደጋ ዛፍ ከሚጀምርበት ዳገት ሥር፣ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። አብዛኞቹ ልጆች ከሩቅ ገጠር የመጡ ናቸው፣ እኔ እንኳ ሮቤ ቅርብ ነው፣ ግን አባቴ ከዘመቻ ስላልተመለሰ ቀበሌው ነው ያስገባኝ። የምናድረው በሁለት የቆርቆሮ ቤቶች ነው፣ ላይ ቤትና ታች ቤት ይባላሉ፣ በየቤቱ ሃያ አራት ልጅ አለ። ሁለቱ ቤቶች ዓመቱን ሙሉ ይወዳደራሉ፣ በንጽሕና፣ በጎመን መደብ፣ በመዝሙር፣ በእንጨት ለቀማ፣ ነጥቡም ቅዳሜ ቅዳሜ በሰሌዳ ላይ ይጻፋል። ጠዋት ቦኖ ላይ ስንገናኝ የታች ቤት ልጆች «ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ ነው!» እያሉ ይሰድቡናል፣ አለቃችን ወርቅነሽ ደግሞ «ጎርፍ የሚወስደው ታች ያለውን ነው!» ትላቸዋለች።

ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጎባ ወርዶ ሰባተኛ ክፍልን በአዳሪነት ለመቀጠል ያለው ቦታ ጥቂት ስለነበር፣ የሚገቡት ዓመቱን ያሸነፈው ቤት ስድስተኞች ብቻ ናቸው፣ የተሸነፉት ልብሳቸውን ጠቅልለው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። በእኛ ቤት ስድስተኞች ሰባት ነበርን፣ እኔ፣ ወርቅነሽና ዘይነባ ከሰባቱ ነን።

ዘይነባ አንገቱ ከሚባል አገር የመጣች ናት፣ ቡናው በጫካ ውስጥ ከሚበቅልበት፣ ስትስቅ ከሌላው ቤት የምትሰማ፣ ለእኔ አፍ የሆነችልኝ ልጅ። አስተማሪ ጠይቆኝ ዝም ስል «ወላሂ ታውቀዋለች ጓድ፣ ትንሽ ይጠብቋት» ትል ነበር። ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

ስለ ቆጠራው ደግሞ ልንገራችሁ። ሁልጊዜ ከራት በፊት በየአልጋችን እግርጌ እንቆማለን፣ ሞግዚታችን እትዬ በለጡ ፋኖስ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፣ ከአንድ ጀምረን ቁጥራችንን እየጠራን እስከ ሃያ አራት እንሄዳለን። እትዬ ዓይናቸው ደከም ያለ ስለነበር የሚቆጥሩን በጆሯቸው ነው። አንድ ቁጥር ከጎደለ አሥር ነጥብ ይቆረጣል። እውነቱን ከተናገርኩ አይቀር፣ ሁለቱም ቤቶች ያጭበረብሩ ነበር፣ አንዷ ስትዘገይ ከጎኗ ያለችው ድምፅዋን ቀይራ ትጠራላታለች። ዘይነባ አስራ ሰባት ነበረች፣ እኔ አስራ ስምንት።

የዓመቱ የመጨረሻ ዓርብ ታች ቤት በአራት ነጥብ ይመራን ነበር። በማግስቱ የሚመዘነው እንጨት ብቻ ቀርቷል። ወርቅነሽ ሰባታችንን ከቤቱ ጀርባ ሰበሰበችን።

«እዚህ ያለው ሁሉ እርጥብ ነው» አለች፣ «ደረቅ አስታ ያለው ከሁለተኛው ወንዝ ማዶ ነው።»

ከሁለተኛው ወንዝ ማለፍ ክልክል ነው።

«እኔ እሄዳለሁ» አለች ዘይነባ። «እናቴ እኮ ዛፍ ላይ ነው የወለደችኝ።»

«ቆጠራውስ?» አለች ወርቅነሽ።

«ጽጌ ትጠራልኛለች።»

«እኔ?» አልኩ።

«አንቺ ነሻ፣ ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ! አንድ ቁጥር መጥራት ያቅትሻል?» ብላ ጀርባዬን መታ አድርጋ፣ ገመዷን ወገቧ ላይ ጠምጥማ ሄደች። ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል።

አሥር ሰዓት ላይ ጉሙ ከላይ ከሳኔቲ ተራራ ወረደ። የባሌን ጉም የማያውቅ ሰው አያምነኝም፣ ከወጥ ቤቱ በር ቆሞ ሽንት ቤቱ አይታይም፣ የራስህ እጅ እንኳ የሌላ ሰው ይመስላል። የወጥ ቤቱ ውሻ ትንሽ ጮኸና ዝም አለ፣ ከዚያ መጥቶ በእኛ መስኮት ሥር ተቀመጠ፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ አድርጎ። አልጋዬ ላይ ሆኜ በር በር አያለሁ። አንድ ጊዜ በውጭ በኩል የእንጨት ሸክም በቆርቆሮው ግድግዳ ሲታከክ ሰማሁ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ ሄደ፣ እፎይ መጣች ብዬ ሮጬ ወጣሁ። «ዘይነባ!» አልኩ። ጉም ብቻ ነው። ውሻው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

የቆጠራ ሰዓት ደረሰ። እትዬ በለጡ በሩ ላይ ቆሙ፣ ቆጠራው ከዚያኛው ጥግ ጀመረ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለ ወደ እኔ ቀረበ። አስራ አራት። አስራ አምስት። አስራ ስድስት። አፌን ከፈትኩ፣ እመኑኝ፣ ከአፌ ትንፋሽ እንኳ አልወጣም። እትዬ ፋኖሱን ከፍ ሲያደርጉ አየሁ።

«አስራ ሰባት።»

ከቀኜ ነው የመጣው፣ ከክንዴ አጠገብ። ሸክም ተሸክሞ ዳገት የወጣ ሰው እንደሚናገረው፣ እያለከለከ፣ «ሰባት» የሚለውን እንደ አንገቱ ልጆች ሳብ አድርጎ። አስራ ስምንት ያልኩት ሳላውቀው ነው፣ ቁጥሩ እያለፈ ሄዶ ሃያ አራት ላይ አበቃ፣ እትዬም «ሙሉ!» ብለው ወጡ።

ወደ ቀኜ ዞርኩ። ማንም የለም። ብርድ ልብሷ ጠዋት እንዳነጠፈችው ነው። ሲሚንቶው ላይ ግን፣ እሷ በምትቆምበት ቦታ፣ ውሃ ነበር፣ ሁለት እግር የሚያህል። ዝናብ አልዘነበም፣ ጣሪያችንም አያፈስም።

ወርቅነሽ እየሳቀች መጥታ አቀፈችኝ። «አንቺ ዝምተኛ! ቁርጥ ዘይነባን መስለሽ እኮ ነው የጠራሽው!»

«እኔ አይደለሁም።»

«ምን?»

«እኔ አልጠራሁም፣ ወርቄ። አፌ እምቢ አለኝ።»

ሳቋ ቆመ። ውሃውን አየችው፣ ከዚያ በእግሯ አበሰችው፣ ያን አልረሳውም። «ስሚ» አለችኝ በሹክሹክታ፣ «ትመጣለች። ጫካ ያደገች ልጅ ናት። አሁን ብትናገሪ ቆጠራው ይሰረዛል፣ ወንዙን ማለፏ ይወጣል፣ ሰባታችንም አለቀልን። እኔን ቤት የሚጠብቀኝ ባል ነው፣ ታውቂያለሽ፣ አባቴ ቃል ሰጥቷል።»

አውቃለሁ። ደግሞ እኔም ሰባተኛ ክፍል መግባት ከምንም በላይ እፈልግ ነበር። ሳህኔን ይዤ ከሌሎቹ ጋር ተቀመጥኩ፣ ሽሮው እጄ ላይ ቀዘቀዘ፣ ውጭው ጨለመ፣ ሙሉ ስለተባለ የሚፈልጋት ማንም የለም። ከእኔ በቀር መጥፋቷን አምኖ የተቀበለ ሰው የለም። ያን ጊዜ እግሮቼ ራሳቸው ተነሡ ብል ይሻላል፣ እትዬ በለጡ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«እትዬ፣ አስራ ሰባት የለችም።»

«እንዴት የለችም? አሁን በጆሮዬ ሰማኋት እኮ ልጄ! ዘይነባ ናት።»

«አዎ እትዬ፣ ድምፁ የእሷ ነው። እሷ ግን ከሁለተኛው ወንዝ ማዶ ናት፣ እንጨት ልከናት።»

እትዬ ፋኖሳቸውን ይዘው ወጡና ዘበኛውን ኦቦ ሁሴንን ተጣሩ። ኦቦ ሁሴን «ያ ረቢ!» ብለው ከጎረቤት ገበሬዎች ጋር ችቦ ይዘው ወጡ።

ከብዙ ሰዓት በኋላ በቃሬዛ አመጧት፣ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ ግራ እግሯ ተሰብሮ። ከወንዙ ማዶ ገደል ሥር ነው ያገኟት፣ እንጨቱ ላይዋ ወድቆባት፣ ጉሙ ሲወርድ አዳልጧት ነው። ከዚያ እስከ እኛ ቤት ለጤነኛ ሰው ከአንድ ሰዓት በላይ ያስኬዳል። «ትንሽ ብንዘገይ ብርዱ ይጨርሳት ነበር» አሉ ኦቦ ሁሴን። በማግስቱ ጎባ ሆስፒታል ወሰዷት።

ነጥባችን ተቆረጠ፣ ሰባተኛ ክፍል የታች ቤት ልጆች ገቡ። ወርቅነሽ ልብሷን ስትጠቀልል ቀና ብላ አላየችኝም፣ እስከ ዛሬም የት እንደደረሰች አልሰማሁም። እኔ ሮቤ ተመልሼ በእናቴ ሱቅ ጨውና ሳሙና እሸጣለሁ፣ ይኸው አራት ዓመት ሆነኝ። ተናገርሽ ብሎ ሕሊናዬ አይወቅሰኝም። ድምፁን ግን የማስቀምጥበት አጣሁ። እትዬ በለጡ «አንቺው ነሽ የጠራሽው፣ ድንጋጤ ያስረሳል» ብለውኛል፣ እውነት ነው፣ ሰው ሲደነግጥ ያደረገውን ይረሳል፣ እኔም እንዲህ ብዬ ራሴን ለማሳመን ሞክሬ ነበር፣ ዘይነባን እስካገኛት ድረስ።

ያገኘኋት ወንድሟ ወደ አንገቱ ሊወስዳት በመጣበት ቀን ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ፣ እግሯ በጀሶ ተጠቅልሎ፣ የጭነት መኪናው እስኪነሣ ተቀምጣ ነበር። ስታየኝ እንደ ድሮዋ ሳቀች። ብዙ አወራን፣ መጨረሻ ላይ ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋት።

«ዘይነባ፣ ያን ቀን ቆጠራው ላይ...»

«ሰማኋችሁ እኮ» አለችኝ ሳትደነቅ። «እዚያ ወድቄ፣ ከጎኔ እንዳላችሁ ሆኖ ነው የሰማኋችሁ። አስራ ስድስት ተባለና አንቺ ዝም አልሽ። ዝም ስትዪብኝ እኔው ጠራሁ።»

«እዚያው ሆነሽ?»

«እዚያው።»

ወንድሟ መጥቶ አቅፎ አነሣትና ከሾፌሩ ጎን አስቀመጣት። ሞተሩ ተነሣ። እሷ በመስኮቱ እጇን አውጥታ ነጠላዬን ያዘችና ወደ ራሷ ሳበችኝ፣ ያን ጊዜ ሳቋ ከፊቷ ጠፍቶ ነበር።

«ጽጌ» አለችኝ፣ «እናንተ ሃያ አራት ላይ አቆማችሁ አይደል? እዚያ ገደሉ ሥር የሚቆጥሩት ግን ሃያ አራት ላይ አላቆሙም። ኦቦ ሁሴን እስኪደርሱ ድረስ ይቆጥሩ ነበር፣ ድምፃቸው ደግሞ የልጆች አልነበረም።»