በረሃው ላይ የተጠራ ስም

ራኬብ ለቅሶ ላይ የማይጠራ ስም ጠራች። ነገሩ የተበላሸው በዚሁ ነው።

ፍቅረኛዋ ኤልዊን የተወለደባት መንደር ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ በረሃው ውስጥ ናት። ሕዝቡ አሜሪካ አሜሪካ ሳትባል ጀምሮ እዚያው የኖረ ነው። በእነሱ ወግ የሟች ስም ዓመቱ እስኪደርስ ከማንም አፍ አይወጣም። ስሙን የሰማ ሟች ወደ ኋላ ይዞራል፤ መንገዱንም ይስታል ይላሉ። ኤልዊን አብሮት ያደገ ነገር ስለሆነ የማያውቅ ሰው ያለ አልመሰለውምና አልነገራትም።

አዳራሹ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ፍሬ የተጨመረበት ደረቅ ቅል እያንሿሹ በዝግታ ያዜማሉ። ሴቶቹ ጓዳ ባቄላ ይለቅማሉ። የሚጮህ፣ ደረት የሚመታ የለም። ራኬብን ዝምታው አስጨነቃት። የሞተችው ኤልዊንን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገች አክስቱ ናት፤ እንዴት አንድ ሰው እንኳ አይጠራትም? ተነሥታ ደረቷን እየደቃች፣ ስሟን ደጋግማ ጠራች።

ቅሉ ዝም አለ። አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ወጣች። ኤልዊን ራኬብን እስከ መኪናዋ ሸኛትና «ሂጂ፣ እደውላለሁ» አላት።

አልደወለም።

ከፋርማሲ ሥራዋ ስትወጣ ሎስ አንጀለስ፣ የሐበሻ ሱቆች የተደረደሩበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ እናቷ እትዬ ሙሉዬ ሱቅ እየሄደች መቀመጥ ጀመረች።

«ስልኩን በዓይንሽ ጨረስሽው» አሉ እትዬ ሙሉዬ በርበሬ እየመዘኑ።

«ከሥራ ነው የምጠብቀው።»

«እሺ። ሥራሽ ፍሪጅ ይጠግናል?»

ኤልዊን መጀመሪያ የመጣው የሱቁን ፍሪጅ ሊጠግን ነበር። በርበሬው ሲያስነጥሰው ራኬብ በሳቅ ፈረሰች። እሱ አልተቀየመም፤ ሳቋን እስክትጨርስ ጠብቆ ስሟን ጠየቃት። ከዚያ ወዲያ ፍሪጁ ደህና ሆኖም ጠጋኙ አልጠፋም።

«አበላሸሁት እኮ እማዬ።»

«ሟች መጥራት መቼ ነውር ሆነ? እኛ ዘንድ የሚታማው ያልጠራ ነው።»

«የሄድኩት እነሱ ዘንድ ነዋ!»

በሩ ተከፈተ። ኤልዊን ነበር፤ ከስቷል። «እንዴት ዋሉ?» አላቸው እናትየውን፣ ራኬብ ባስተማረችው አማርኛ። ወደ እሷ ሲዞር ግን በእንግሊዝኛ ነበር።

«አንቺ ከሄድሽ በኋላ፣ አክስቴ መንገዷን እንዳትስት አጎቴ ዜማውን ከመጀመሪያው ጀመረው። ድምፁ እስኪዘጋ።»

«ዛሬውኑ ድራይቭ አድርጌ እሄዳለሁ። ይቅርታ እጠይቀዋለሁ፤ ቁጭ ብዬ አስረዳዋለሁ…»

«አታስረጂው። ይቅርታም በቃል አይፈልግም።»

«ሶ፣ ምን ልትለኝ መጣህ? ካለቀ አለቀ በለኝና ልረፍ!»

ኤልዊን ወደ ባንኮኒው ቀረበ።

«ነገ እንደ ወጋችን የአክስቴን ልብስ እናቃጥላለን። አጎቴ ‹ልጅቷ ትምጣ፣ ከሴቶቹ ጋር ትሥራ፣ ስሙ ግን ዓመቱን ሙሉ ከአፏ አይውጣ› ብሏል። ካልቻልሽ ወደዚያ ልወስድሽ አልችልም። ዘመዶቼ ቤት ልወስዳት የማልችለውን ሴት ደግሞ አላገባም።»

«ያጎትህን ሰማሁ። አንተስ?»

ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

«ስትጠሪያት የምትመልስ መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩ። ደስ አለኝ ራኬብ፤ ደስ ስላለኝም ፈራሁ። ደግመሽ ብትጠሪያት አብሬሽ እጠራለሁ። የጠፋሁት ለዚህ ነው።»

ራኬብ እጇን ዘርግታ ክንዱን ነካችው፤ ከዚያ ጃኬቷን አነሣች።

«ኦኬ። እንሂድ።»

«ባዶ እጅሽን?» እትዬ ሙሉዬ አንድ ከረጢት ምስር አሸከሟት። «ባይሆን እኔም ልምጣ።»

«እማዬ፣ አንቺ ለቅሶ ላይ ዝም ማለት ትችያለሽ?»

«ዝም ከተባለማ ምኑን ለቅሶ ሆነ!» ብለው ተቀመጡ። ኤልዊን ቀድሞ ወጣ። ራኬብ ደፉ ላይ ስትደርስ እናቷ እንደገና ተጣሩ።

«ቆይ እንጂ! ቤተ ክርስቲያን አስጸልይላታለሁ። ስሟን ማን ልበል?»

ኤልዊን «ስም» የምትለዋን ቃል ያውቃታል፤ መንገዱ ዳር ቆመ፤ ግን አልዞረም።

ራኬብ አፏን ከፈተች፤ ስሙ ምላሷ ላይ ነበር።

«ማን አልሽኝ?» አሉ እናቷ።

ምስሩን ታቅፋ ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።