የሚጠየቅ ጎረቤት

እያሱን ያወቅሁት አብራ በሚሏት የዱባይ ጀልባ ላይ፣ ወደ ቡር ዱባይ ስንሻገር ነው። ጀልባዋ ስትወዛወዝ ደንግጬ ክንዱን ያዝኩት፤ ከወረድንም በኋላ አልለቀቅሁትም። አላፍርበትም።

በዓመቱ «እንጋባ» አለኝ፤ እሺ አልኩ። የቀረችው አክስቴ ዓለምወርቅ ነበረች። ሻርጃ ሃያ ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያሳደገችኝ፣ እናትም አባትም የሆነችኝ እሷ ናት።

«ጎረቤቱን ሳልጠይቅ ልጄን አልሰጥም!» አለች።

እያሱ ዱባይ አዲስ ሰፈር፣ አርባኛ ፎቅ ላይ ይኖራል። አሮጌ እንዲመስል ተደርጎ አምና የተሠራ ገበያ ሁሉ ያለበት ሰፈር ነው። አክስቴ በእረፍት ቀኗ ሄዳ በሩን ሁሉ አንኳኳች። የሚያውቀው ጠፋ። ዘበኛው እንኳ «የቤት ቁጥሩ ስንት ነው?» አላት።

«ሦስት ዓመት ኖሮ ‹ክፉ ነው› የሚለው ሰው እንኳ የለውም! ኸላስ፣ አበቃ፣ አይሆንም» አለችኝ ስትመለስ።

በማግስቱ እያሱን የሚሠራበት ባንክ በር ላይ ጠበቅሁት።

«ትወደኛለህ?»

«ዋላሂ!»

«እንግዲያው ቤትህን ልቀቅና አል ናህዳ፣ እኛ ሰፈር ተከራይ።»

«ሻርጃ? በዚያ ትራፊክ? ፀዱ፣ አበድሽ እንዴ?»

«አንተን አልተውም። አክስቴንም አስቀይሜ አላገባም። ሰው በሚያውቅህ ቦታ ኑርልኝ።»

በወሩ ፍራሹን ተሸክሞ መጣ።

ከስድስት ወር በኋላ አክስቴ እኔን አስከትላ ጥየቃዋን እንደገና ጀመረች።

«እያሱ? ወንበሬ ላይ ተኝቶ ያንኮራፋል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ሊፍቱ ሲበላሽ የአንዲት አሮጊትን ውሃ ስምንተኛ ፎቅ አወጣላት፤ እየተነጫነጨ» አለ የአዲሱ ሕንፃው ዘበኛ።

ህንዳዊው ባለሱቅ ግን ተቆጣ። «እንቁላል አንድ በአንድ እያገላበጠ ያሰለቸኛል። ቆይ፣ አንቺ ማነሽ? ምን አደረገሽ? የእኛ ልጅ ነው!»

አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ዓይኗ ወሰደች።

«እሰይ! ነገረኛ ጎረቤት አፍርቷል» አለችኝ። «በይ፣ ሽማግሌ ይላክ።»

ቅዳሜ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንደኛው አማርኛ አያውቅም፤ አንድ ካርቶን እንቁላል ታቅፎ ነበር። ከፍቼ አየሁት፣ አንድም የተሰነጠቀ የለበትም።