ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ

ሙስዓብ ሁሪያን ያወቃት በር ሲገጥም ነው። የሐጂ ሙህዲን የጨርቅ መጋዘን በቁልፍ መከፈቱ ቀርቶ ለየሠራተኛው በተሰጠ ካርድ እንዲከፈት፣ ማን በስንት ሰዓት እንደገባም ኮምፒውተር ላይ እንዲመዘገብ ያደረገው እሱ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በሩ እምቢ ያላት ሻጯ ሁሪያ፣ አንድ ጣቃ ጨርቅ እንደታቀፈች ዞራ አየችው።

«ይሄ በርህ ሰው ይንቃል እንዴ?»

«አዲስ ስለሆነ ነው። ይለምድሻል።»

«እስኪለምደኝ ጨርቁን ያዝልኛ።»

ያዘላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ባይኖረውም መርካቶ የሚያመጣው ሰበብ አላጣም። ሲኒማ ራስ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ተቀምጠው አንድ ሳምቡሳ ለሁለት ይካፈላሉ። እሷ ስለ ደንበኞቿ ስታወራ እሱ ዓይን ዓይኗን ያያል፤ ቀና ስትል ደግሞ አንገቱን ይደፋል። በዓመቱ፣ ከረመዳን በኋላ ሽማግሌ እንደሚልክ ነገራት። ሁሪያ አንገቷን ደፍታ ከሳምቡሳው ትልቁን ቁራጭ ወደ እሱ ገፋችለት። እሺታዋ ገባው።

አባቷ አቶ ጠይብ ከወሎ መጥተው ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው መርካቶ ልብስ የሰፉ ሰው ናቸው። ሀብት የላቸውም፤ በታማኝነታቸው ግን ሰው ሁሉ ይምል ነበር፤ ማንም አያማቸውም።

አንድ ረቡዕ ሙስዓብ የመዝገቡን ሶፍትዌር አደሰ። ፕሮግራሙን ከመረጃ ቋቱ ጋር የሚያገናኘው ድራይቨር አርጅቶ ስለነበር በአዲስ ተካው። በሩ ተከፈተ፣ ተዘጋ። ሁሉም ደህና መሰለውና ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ሐጂ ሙህዲን አስጠሩት።

«ትናንት ወንዶቹ ለጁምዓ በወጣንበት ሦስት ጣቃ ሐር ከመጋዘን ጠፍቷል። ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት ማን እንደከፈተ ብቻ አውጣልኝ።»

አወጣ። የወጣው አንድ ስም ነው። ስድስት ሰዓት ከአርባ፣ ሁሪያ ጠይብ።

ሙስዓብ ወረቀቱን ይዞ ደረጃው ላይ ቆመ። ታች ሁሪያ ጨርቅ ስትለካ ትታየዋለች። ወርዶ ሊጠይቃት ይችል ነበር። ለወዳጁ አደላ እንዳይባል ፈራ። ከፍርሃቱም በላይ፣ ኋላ ለራሱ እንዳመነው፣ ማሽን አይዋሽም ብሎ ነበር። ወረቀቱን ለሐጂ ሰጠ።

ሐጂ ሁሪያን ሱቁን በሞላው ሰው ፊት ጠየቋት።

«በዚያ ሰዓት ጓዳ እየሰገድኩ ነበር» አለች።

«ማን አየሽ?»

«ብቻዬን ነበርኩ፣ ሐጂ።»

ከዚያ ሙስዓብን አየችው። አንድ ቃል እንዲናገርላት የምትጠብቅ ይመስል ረዘም አድርጋ አየችው። እሱ ስልኩን ነካካ። ካርዷን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

የመርካቶ ወሬ ለመድረስ ጊዜ አይፈጅም። የጠይብ ልጅ ሰረቀች ተባለ። አቶ ጠይብ ሰኞ ዕለት የስፌት መኪናቸውን ሸፍነው ቤታቸው ዋሉ።

ማክሰኞ ሙስዓብ በሩን ሊፈትሽ መጥቶ የራሱን ካርድ አስነካ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነበር። ስክሪኑ ላይ የመጣው ግን አንድ ሰዓት ነው። በአንድ ሰዓት እሱ ገና ታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር።

ደግሞ አስነካ። ደግሞ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ። አሮጌው ድራይቨር የአዲስ አበባን ሰዓት ያመጣ ነበር፤ አዲሱ ግን ከእኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቀረውን የግሪንዊች ሰዓት ይመዘግባል። ሁሪያ በሩን የከፈተችው ዘጠኝ ከአርባ ላይ፣ ገበያው በደራበት ሰዓት ነው። መዝገቡን አስተካክሎ ሲያየው፣ በጁምዓ ሰዓት መጋዘኑን የከፈተው የሐጂ የእህት ልጅ ነስረዲን ሆነ።

ሙስዓብ የተስተካከለውን መዝገብ አትሞ ወደ ሐጂ ወጣ። 

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላቸው ለሐጂ። «አዲሱን ስተካ ሰዓቱን አላመሳከርኩም።»

ሐጂ ሙህዲን የነስረዲንን ስም በጣታቸው ነክተው ወረቀቱን አጠፉት። ከዚያ ተነስተው በእግራቸው ወደ አቶ ጠይብ ቤት ሄዱ። ጎረቤት ሁሉ እየሰማ ይቅርታ ጠየቁ፤ ሁሪያም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ለመኑ። አቶ ጠይብ «አላህ ይቅር ይበለን» ብለው እጃቸውን ጨበጧቸው።

ሙስዓብ ከደጅ ቀርቶ ነበር። ሁሪያ ወጣችለት።

«ዘጠኝ ከአርባ ላይ የከፈትነው ከሌላዋ ሻጭ ከሐጀራ ጋር ነው፤ ለደንበኛ ጨርቅ ልናወጣ» አለችው። «ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።»

«ማሽኑ አሳሳተኝ፣ ሁሪያ።»

«ማሽኑ ሐጂን አሳሳታቸው። አንተ ግን ታውቀኝ ነበር።»

 «ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«አባቴ እሺ ይሉህ ይሆናል። የማልችለው እኔ ነኝ። ነገ ቤታችን ውስጥ አንድ ዕቃ በጠፋ ቁጥር እኔን ጠርጥረህ እንደሆነ ዓይንህን ማየቴ ነው። እንደዚያ እየፈራሁ መኖር አልችልም።» በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። «ስላልወደድኩህ አይደለም።»

ገባች። በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

በሳምንቱ ኮምቦልቻ ወዳለች አክስቷ ሄደች። ሐጂ ቢለምኑም አልተመለሰች፤ እዚያው ሱቅ ገብታ መሸጥ ጀመረች።

ለዒድ ሙስዓብ ደወለላት። አነሳች።

«ዒድ ሙባረክ፣ ሁሪያ።»

«እንኳን አብሮ አደረሰን።»

 በእሷ በኩል ባጃጅ ሲያልፍ፣ ልጆች ሲስቁ ይሰማዋል፤ ትንፋሿም ይሰማዋል። አንዳቸውም አልዘጉም። ሒሳቡ አልቆ መስመሩ እስኪቋረጥ ድረስ ሙስዓብ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆየ። መልሶ አልደወለም፤ እሷም አልደወለችም።