ሁለት ጣሳ ቅቤ

ኢንስፔክተር ሱዓድ ሬሳውን ከማየቷ በፊት ሽታው ተቀበላት። የቆየ ቅቤ፣ የነቀዘ ሩዝና የአይጥ ሽንት በአንድ ላይ ተደባልቆ፣ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲያፈላው ጉሮሮ ውስጥ እንደ ስብ ይጋገራል። የሻርፗን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ ጫን አድርጋ ወደ መጋዘኑ ዘለቀች።

ሟቿ ከተደረመሱ የሩዝ ጆንያዎች ሥር ተጋድማለች። ወይዘሮ ሥርጉት ነበረች። በደሴና በኮምቦልቻ ድምፅዋን የማያውቅ ጥቂት ነው፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ በከተማው ሬዲዮ እየቀረበች የቅናሽ ሱቆችንና የትልልቅ ሱፐርማርኬቶችን ዕቃ ታነጻጽር ነበር። አንድ ዓይነት ዕቃ ከሁለቱም ትገዛለች፣ ቤቷ ወስዳ ትቀምሳለች፣ የትኛው ለዋጋው እንደሚገባ ሳትሸፋፍን ትናገራለች። በዚህ የተነሳ የሚወዷት ብዙ ነበሩ፤ የሚፈሯት ግን ነጋዴዎቹ ነበሩ። አሁን የሞተችው በአንደኛው የቅናሽ ሱቅ መጋዘን ውስጥ ነው።

«ጆንያ ወድቆባት ይሆናል» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «ጆንያ ጎድን ይሰብራል እንጂ ጭንቅላትን እንዲህ አይፈነክትም። ከኋላ በጠርዛም ነገር ተመትታለች። ትናንት ነው የሞተችው።»

ሱዓድ ጎንበስ ብላ አየች። ወለሉ አቧራና የአይጥ ኩስ ሞልቶበታል፤ ደም ግን የለበትም። ሥርጉት ወፍራም ሹራብ ለብሳ በላዩ ካፖርት ደርባለች፤ ቁልፎቹ እስከ አንገቷ ተቆልፈዋል። ከንፈሯ መሃል ቢጫ ነገር ቀርቷል። ሱዓድ በጓንቷ ጫፍ ነካ አድርጋ አሸተተችው። መጀመሪያ ኮረሪማና አብሽ ሸተታት። ከዚያ ከሥሩ የሻገተ ነገር ብቅ አለ።

የሱቁ ባለቤት ጋሽ በሺር ስልሳውን ያለፈ፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው። በር ላይ ቆሟል።

«ወላሂ፣ ኢንስፔክተር፣ እንዴት እንደገባች አላውቅም። ጠዋት ሩዝ ላወጣ ስገባ ነው ያየኋት።»

«ከዚህ በፊት መጥታ ታውቃለች?»

«ቅዳሜ፣ ከሬዲዮው በኋላ መጥታ ነበር። ሩዝ፣ ፓስታ፣ አንድ ጣሳ ቅቤም ገዛች። የፀጉር ቅቤ ነው፣ እንዳትበይው አልኳት። ጣሳው ላይም ተጽፏል። እኔ የተሰበረውን ተሰበረ፣ የቆየውን ቆየ ብዬ ነው የምሸጥ። እሷም ይህን ትመሰክርልኝ ነበር።»

«ቅቤውን ያሳዩኝ።»

የቅቤውን በርሜል ሲከፍተው ፖሊሱ እያሳለ ወደ ውጭ ወጣ። ውስጡ ነጣ ያለ፣ የቀለጠ፣ ዝንብ የሰመጠበት ነገር ነው። ቅመም የለበትም፤ ቢጫም አይደለም።

«ይህን በብዛት የሚገዛ አለ?»

«ከደሴ ፒካፕ ይመጣል፤ በበርሜል ይጭናል። ሀፊዝ የሚባል ሹፌር ነው፣ አንዳንዴም አንድ ወጣት አብሮት መጥቶ ያስጭናል፤ ለውበት ሳሎን ነው ብለውኛል።»

«የኋላው በር እንዴት ነው የሚዘጋው?»

ጋሽ በሺር አንገቱን ደፋ። «በሽቦ እናስረዋለን። ዕቃ የጫነ ያወረደ ሁሉ ያውቀዋል።»

ሱዓድ ወደ ደሴ ተመለሰች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት ሲወጡ ጭጋጉ ወረደ፤ የፖሊስ ሾፌሩ መኪናውን ዳር አስይዞ ጃኬቱን ለበሰ። እሷም የራሷን ከኋላ ወንበር አንስታ ደረበች። ልብሷ ላይ የቀረው የቅቤ ሽታ ግን አብሯቸው ወጣ።

የሥርጉት ታናሽ እህት ሰርካዲስ ሳላይሽ አካባቢ ባለው ቤታቸው ዓይኗ አብጦ ጠበቀቻት። ወደ ማድ ቤት ወሰደቻት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ጣሳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንዱ የጋሽ በሺር፣ በእጅ ጽሑፍ «ለፀጉር» ይላል። ሌላው ያብረቀርቃል፤ ለምለም መስክ ላይ የቆመች ላም ተስላበት «የገበታ ክብር ሱፐርማርኬት፣ ንጹሕ የላም ቅቤ» ተብሎ ታትሞበታል። ዋጋው ከመጀመሪያው እጥፍ ድርብ ነው።

«ትናንት ጠዋት ሁለቱንም ቀመሰች» አለች ሰርካዲስ። «ከዚያ ሄዳ አፏን በሳሙና ታጠበች። ምን ሆንሽ ስላት፣ ሱፐርማርኬቱ ጋ ሄጄ ልጠይቅ ብላ ወጣች።»

«ኮምቦልቻ እሄዳለሁ አላለችሽም?»

«ምን ልታደርግ? የዚያን ግዢ ቅዳሜ ጨርሳለች።»

ሱዓድ ሁለቱንም ጣሳዎች ተራ በተራ አሸተተች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ንጹሕ አየር ሳበች።

ፒያሳ ያለው ሱፐርማርኬት ወለሉ መስታወት ይመስላል። መደርደሪያው በመብራት ደምቋል፤ ሳሙናና ቫኒላ ይሸታል። ባለቤቱ አቶ ኪዳኑ ሙሉ ልብስ ለብሰው ከቢሯቸው ወጡ።

«ነፍስ ይማር። አሳዛኝ ነው» አሉ። «ግን ምን አስገባት እዚያ ቆሻሻ ውስጥ? የዚያ ሰውዬ ዕቃ ለውሻ አይሰጥም። እኔ ርካሽ አልሸጥም፤ ሰው እኔ ጋ ጥራት ፍለጋ ነው የሚመጣ።»

«ትናንት እዚህ መጥታ ነበር?»

«እኔ አላየኋትም። ከጠዋት እስከ ማታ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የእህቴን ልጅ ይጠይቁት፤ የግዢና የጥራት ኃላፊዬ እሱ ነው።»

የእህታቸው ልጅ ትንሳኤ ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ጥፍሩን እንኳ ያስተካከለ ወጣት ነው። ጠረጴዛው ላይ ማኪያቶ አስቀምጦ እየጠጣ አናገራት።

«መጥታ ነበር» አለ ረጋ ብሎ። «ስለ ዋጋ ጠየቀችኝ፤ አስረዳኋት። ከዚያ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ ስላለች ሚኒባስ ተራ ድረስ ሸኘኋት።»

«ሚኒባስ ውስጥ ስትገባ አይተሃል?»

«አስገብቻታለሁ።» ማኪያቶውን ጨልጦ አረፋውን ከከንፈሩ ጠረገ።

ጋሽ በሺር የጠቀሰው ሹፌር ሀፊዝ በሱፐርማርኬቱ ግቢ ውስጥ ፒካፑን ያጥባል።

«በርሜሉን አምጥቼ እዚያ በር ላይ ነው የማወርድ» አለ ከጓሮ ያለውን ክፍል እያሳየ። «ውስጡን አላውቀውም። ቁልፉ ያለው አቶ ኪዳኑና ትንሳኤ ጋ ብቻ ነው።»

«የመኪናውስ ቁልፍ?»

«ሥራ ስጨርስ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንጠለጥለዋለሁ። ትናንት ትንሽ አሞኝ በጊዜ ነበር የገባሁ።»

ሱዓድ የጓሮውን ክፍል አስከፈተች። ከሱፐርማርኬቱ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው፤ ግን ሌላ ዓለም ነበር። ያልታጠበ ትልቅ ብረት ድስት፣ የፓልም ዘይት ጀሪካኖች፣ የእርድ ዱቄት፣ የቅመም ከረጢት፣ የጋሽ በሺር በርሜሎች። ጥግ ላይ ላም የተሳለባቸው አዳዲስ ጣሳዎች ተደርድረዋል። ግድግዳው በቅባት ጠቁሯል፤ ዝንቡ ይርመሰመሳል። ከድስቱ አጠገብ ያለው ወለል ብቻ ነጭ ሆኖ ታጥቧል፤ በረኪና ይሸታል። ሚዛኑ ላይ ካሉት ብረቶችም አንዱ ብቻ ያብረቀርቃል፤ ሌሎቹ ቅባት ለብሰዋል።

ሱዓድ በሩን አስቆልፋ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሱፐርማርኬቱ ቢሮ ሰበሰበቻቸው፤ ጋሽ በሺርንም ከኮምቦልቻ አስመጣችው። ሰርካዲስ ከጥግ ተቀምጣለች። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ ተቆርሶ ቅቤ ተቀብቶበታል።

«ወይዘሮ ሥርጉት እንደምታደርገው እናድርግ» አለች ሱዓድ። «ቅመሱና የሚሰማችሁን ንገሩኝ።»

አቶ ኪዳኑ ቀድመው ጎረሱ፤ ጣታቸውንም ላሱ። «ይህማ የእኔ ነው። ቅቤ ማለት ይህ ነው፤ ቤቴም ሌላ አይገባም።»

ሀፊዝ በልቶ «ጥሩ ነው» አለ።

ጋሽ በሺር አንዴ ካኘከ በኋላ ማኘኩን አቆመ። ግራ ቀኝ አየና መሐረቡን አውጥቶ ተፋው። «ይቅርታ። ይህን ሽታ አውቀዋለሁ» አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

ዳቦው ትንሳኤ ፊት እንደተቀመጠ ነው።

«አንተስ?»

«ጾም ይዣለሁ።»

«ዛሬ ማክሰኞ ነው፤ አጎትህም በልተዋል።»

«የግሌ ነው። ስዕለት አለብኝ።»

«ጠዋት ፊቴ የጠጣኸው ማኪያቶ ወተት አልነበረውም?»

ትንሳኤ ዓይኑን ወደ በሩ አዞረ።

«እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» አለች ሱዓድ። «ሥርጉት የተገኘችው ኮምቦልቻ ነው። ግን ሹራብና ካፖርት ለብሳ፣ እስከ አንገቷ ቆልፋ ነው። ደሴ የሚኖር ሰው ሐረጎን ወርዶ እዚያ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ምን ያደርጋል? ያወልቃል። እሷ አላወለቀችም፤ ስትወርድ በሕይወት አልነበረችም። ጋሽ በሺር መጋዘን ወለል ላይ ደም የሌለውም ለዚህ ነው።»

«እኔ ሚኒባስ ላይ…» ብሎ ጀመረ ትንሳኤ።

«እሱን እመለስበታለሁ። አፏ ውስጥ የቀረው ቅቤ ቅመምና እርድ አለው። የጋሽ በሺር በርሜል ውስጥ እነዚህ የሉም። ሁለቱም ያሉት ከዚህ ግድግዳ ጀርባ፣ ለፀጉር ተብሎ የተሸጠው ቅቤ ከፓልም ዘይት ጋር ድስት ውስጥ በሚቀቀልበት ክፍል ነው። ስትመታ እየቀመሰች ነበር። ያ ክፍል ከተከፈተ ጀምሮ የታጠበው አንድ ቦታና አንድ የሚዛን ብረት ብቻ ነው።»

አቶ ኪዳኑ ቀስ ብለው ተነሡ። «ለፀጉር ያሉት ምኑን ነው?»

«ይቀመጡ፣ አቶ ኪዳኑ። የክፍሉ ቁልፍ ያለው እርስዎና የእህትዎ ልጅ ጋ ነው። ከሁለት አንዳችሁ ናችሁ። እዚያ የሚቀቀለውን የሚያውቅ ሰው ግን አይበላውም። እርስዎ ጣትዎን ላሱ። ሀፊዝም በላ። ይህ ልጅ ግን ከዳቦው ይልቅ ስዕለት መፍጠር ቀለለው።»

«ቅቤ ስላልበላሁ ነፍሰ ገዳይ ልሆን ነው?» አለ ትንሳኤ።

«በእሱ ብቻ አይደለም። በሕይወት ሳለች ሚኒባስ ላይ አስገባኋት ያልከው አንተ ነህ፤ ሬሳ ደግሞ ሚኒባስ አይሳፈርም። የፒካፑንም ምንጣፍ አንሥተን አይተናል። ሀፊዝ ዛሬ የውጩን እንጂ ከምንጣፉ ሥር ያለውን ደም አላጠበም። የሽቦውን በር ደግሞ አንተም ዕቃ ስታስጭን አይተኸዋል። ሰው ሁሉ ጣቱን የሚቀስረው ቆሻሻው ሱቅ ላይ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ለዚህ ነው እዚያ የጣልካት።»

ትንሳኤ ዳቦውን ከፊቱ ገፋ አደረገው።

«ከድስቱ በጣቷ ጠንቁላ ቀመሰች» አለ። «ቅዳሜ ሕዝቡ ይስማው አለችኝ። ቆይ ልንነጋገር እያልኳት ጀርባዋን ሰጠችኝ።»

ሰርካዲስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አቶ ኪዳኑ ለመውጣት ተነሡ፤ በሩ ጋ ግን አልደረሱም። በሚያብረቀርቀው ወለል ላይ ጎንበስ ብለው አስታወኩ። ካባራላቸው በኋላ ግድግዳ ተደግፈው «ልጆቼ… ጠዋት ጠዋት ለልጆቼ» አሉ፤ ከዚያ በላይ መናገር አልቻሉም። ፖሊሶቹ ትንሳኤን በዚያ በተደፋው ላይ አሻግረው ወሰዱት።

ጋሽ በሺር ከሱዓድ ጋር ወደ ውጭ ሲወጣ ሸክም የወረደለት ይመስል ነበር።

«አልሐምዱሊላህ። እኔ እንኳ ለፀጉር ነው ብዬ ነው የሸጥኩ። ጽፌበታለሁ።»

«ጽፈዋል» አለች ሱዓድ ቆም ብላ። «ግን በበርሜል ሲጫን ዓመታት አለፈው። ጋሽ በሺር፣ ደሴ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚጨርስ ፀጉር አለ?»

ሽማግሌው ከመመለስ ይልቅ ለስንብት እጁን ዘረጋላት። ሱዓድ ፊቷን አዙራ ወደ መኪናዋ ሄደች። ትንሳኤን የጠላችውን ያህል ይህን ሽማግሌ መጥላት አልቻለችም፤ ሆኖም የዘረጋላትን እጅ አልጨበጠችም።

የዚያ ሳምንት ቅዳሜ ሰርካዲስ በእህቷ ወንበር ተቀምጣ ሬዲዮ ላይ ቀረበች። ድምፅዋ መጀመሪያ ላይ ይርገበገብ ነበር።

«እህቴ ዛሬ ስለ ቅቤ ልትነግራችሁ ነበር» አለች። «ርካሹና ውዱ ጎን ለጎን ተቀምሰዋል። ጥራታቸው አንድ ነው፤ ከአንድ በርሜል ነው የወጡት። ልዩነቱ በርካሹ ጣሳ ላይ እውነቱ መጻፉ ብቻ ነው።»

ከዚያ የሩዙን ዋጋ ማንበብ ጀመረች።