በካርድ የተከፈለ ዕቁብ

ብዙነህ ሰው መምከር ይወዳል። ከኤርፖርቱ ወደ ሆቴሎቹ መንገደኛ የሚያመላልሱ የሥራ ባልደረቦቹ ይህንን ጠባዩን አሳምረው ያውቁታል። በማለዳ አሜሪካ ውስጥ ከሚኖርባት ከዴ ሞይን ከተማ ተነስቶ ሥራ ቦታው ከደረሰበት ደቂቃ ጀምሮ ስለ ጎማ፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ደም ግፊት አንድ ነገር ሳይል አይውልም። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ ምክሩም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ብቻ ለራሱ ሲሆን አይሰማውም።

በዚያ ሰሞን ምክሩ ያረፈው ሚስተር ቻንግ ላይ ነበር። ሚስተር ቻንግ ስድሳን ያለፈ ኮሪያዊ ሾፌር ነው። በእረፍት ሰዓት ስልኩን የውኃ ጠርሙስ ላይ አስደግፎ የአገሩን ዜና ያያል። አገሩ ምርጫ ደርሶ ስለነበር የክርክሩ ግማሽ ስለ ዕዳ ነው። የኮሪያ ቤተሰብ ለቤቱም ለልጁም ለሱቁም እየተበደረ፣ ሁሉም ቤት ያለው ዕዳ ቢደመር አገሪቱ በዓመት ከምታመርተው ጋር ሊስተካከል ትንሽ ነው የቀረው ይላሉ። አንዱ ተወዳዳሪ «የትናንሽ ነጋዴዎችን አሮጌ ዕዳ መንግሥት ገዝቶ ይሰርዝ» ይላል። ሌላው «እንዲያ ከሆነ በሰዓቱ የከፈለው ሰው ምን አጠፋ?» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ ባንኮቹ እንዳሻቸው ማበደራቸው መጀመሪያ ይቁም ባይ ነው። ሚስተር ቻንግ የሚደግፈው ይሰረዝ የሚለውን ነው። ኢንቾን በሚባል ከተማ የተጠበሰ ዶሮ የምትሸጥ እህት አለችው፤ ዕዳ ውጧታል፤ ይህንንም የነገረችው ለእሱ ብቻ ነው።

«ሚስተር ቻንግ፣ ቅር አይበልዎትና» አለ ብዙነህ አንድ ቀን። የሚነጋገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ብዙነህ ግን በልቡ አንቱ እያለ ነው የሚያናግረው። «ሰው የማይችለውን ለምን ይበደራል? የበላው ይክፈል እንጂ። እኛ ለምሳሌ ዕቁብ አለን። ሁላችንም እናዋጣለን፣ በየተራ እንወስዳለን። ወለድ የለ፣ ባንክ የለ።»

«እኛም አለን» አለ ሚስተር ቻንግ። «ግዬ እንለዋለን። እህቴም ትጥላለች። አንድ ወር እንኳ አልቀረባትም።»

«ከየት አምጥታ?»

«ከካርድ ተበድራ።»

ብዙነህ ጎማዬን ልይ ብሎ ተነሳ። ጎማው ደህና ነበር።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የብዙነህም ዕቁብ የሚጣለው ከካርድ ነበርና።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ዕቁብተኞቹ የሚይዙት ሃያ ዕጣ ነው። ወር በገባ በመጀመሪያው እሁድ፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ ሴንትራል ዲስትሪክት በሚባለው ሰፈር ቼሪ ጎዳና ላይ ባለው የእትዬ ማንአልሞሽ ሱቅ ጀርባ ይሰበሰባሉ። የዕቁቡ ዳኛ እሳቸው ናቸው። ሙሉ ዕጣ ሺህ ዶላር ነው፤ አቅም ያነሰው ሰው አምስት መቶ እየጣለ ግማሽ ዕጣ ይይዛል፤ በዚህ የሚያፍር የለም፣ ወይም ሊኖር አይገባም ነበር። ዙሩ ሲጀመር የብዙነህ መሥሪያ ቤት የሥራ ሰዓቱን ቀንሶበት ስለነበር ግማሽ እይዛለሁ ብሎ ነው ከቤቱ የወጣው። ተራው ሲደርስ እትዬ ማንአልሞሽ፣ «አንተስ ብዙነህ? ሙሉ ነው ግማሽ?» አሉት። ጓደኛው ክፍሌ ከጎኑ ሳቅ ብሎ፣ «ኧረ እትዬ፣ ብዙነህን ደግሞ ግማሽ ነው ወይ ብለው ይጠይቁታል?» አለ። ሰው ሳቀ። ብዙነህም አብሮ ሳቀና «ሙሉ ነው እንጂ» አለ። ያቺ ሳቅ ስንት እንዳስከፈለችው ያወቀው ኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ደመወዙ ሲያጥረው ከካርዱ ካሽ እያወጣ ጣለ። የመጀመሪያው ካርድ ሲሞላ የእሱን ክፍያ ከሁለተኛው ከፈለ። ለራሱም «መቆጠብ እኮ ነው፣ የትም አይሄድም» ይል ነበር። እስቲ አስቡት፤ ሰው በሠላሳ በመቶ ወለድ ተበድሮ ምንም ወለድ የማይከፈልበት ቦታ ገንዘቡን ያስቀምጣል። ሌላ ሰው ቢያደርገው ብዙነህ ግማሽ ሰዓት ቆሞ ይመክረው ነበር። ራሱን ግን ሰው ምን ይለኛል የሚለው ፍርሃት ጨምድዶ ይዞታል።

ሚስቱ ሠርካለም ከዚህ ሁሉ አንዱንም አታውቅም። አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ትሠራለች፤ የታመመ ሰው አገላብጣ፣ አጥባ፣ አብልታ ነው የምትመለሰው። ነርስ መሆን ስትመኝ ዓመታት አልፈዋል። ያን ዓመት አመለከተች፣ ተቀበሏት፤ ክፍያው እስከ ነሐሴ መጨረሻ መግባት አለበት። ሳህን እያጠበች የአጥንት ስሞችን በቃሏ ትወጣለች።

«ሶ፣ የዕቁቡ ገንዘብ ለኔ ትምህርት ነው፤ ቃልህ ነው አይደል?» ትለዋለች።

«ቃሌ ነው» ይላታል።

የዕጣ ነገር ሆኖ የዙሩ የመጨረሻ ባለተራ ብዙነህ ነው፤ በነሐሴ የመጀመሪያ እሁድ ሃያ ሺህ ዶላር ይቀበላል። የካርዶቹ ዕዳ ደግሞ ያንኑ ያህል ደርሷል። አበዳሪዎቹ መሥሪያ ቤቱ ድረስ ኮል ማድረግ ጀምረዋል። ገንዘቡ ወይ ትምህርቷን ነው የሚከፍል ወይ ዕዳውን፤ ሁለቱንም አይሸፍንም።

ጭንቅ ሲለው ክፍሌን ፈልጎ ሄደ። ክፍሌ ካፒቶል ሂል በሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት በር ላይ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ደንበኛ ይጠብቃል። ብዙነህ መኪናው ውስጥ ገብቶ ነገሩን ሁሉ ነገረው።

«ኦኬ፣ ታዲያ ምን ያስጨንቅሃል?» አለ ክፍሌ። «አሜሪካ ዕዳ የሌለበት ሰው ታውቃለህ? እዚህም ምርጫ በመጣ ቁጥር ወለዱን እንቆርጣለን፣ ዕዳውን እንሰርዛለን ይላሉ። አንድ ቀን ያደርጉታል። አንተ ትንሿን ክፍያ እየከፈልክ ጠብቅ። የትምህርቷን ክፈልላትና ዝም በል። ለሠርካለም ትነግራታለህ እንዴ? ቤትህ ሰላም ውሎ አያድርም። ዕቁቡን ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳታጎድል። ሰው ምን ይላል?»

ብዙነህን ይህ ምክር ደስ አለው። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፤ ግን የጨነቀው ሰው የሰማይ ላምም ያልባል።

የኮሪያው ምርጫ አለፈ። ብዙነህ ገንዘቡን ሊቀበል ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ሚስተር ቻንግ ከእረፍቱ ተመልሶ ሥራ ገባ። ስልኩን አላወጣም። ምሳውን ከፍቶ ሳይበላ ተቀምጧል።

«የሚደግፉት ሰው አሸነፈ አይደል?» አለው ብዙነህ። «እህትዎስ? ተሰረዘላት?»

«ፕሮግራሙ ተጀምሯል። የሷ ዓይነት ሰዎች እየተመዘገቡ ነው» አለ ሚስተር ቻንግ። «እሷ አልተመዘገበችም።»

«ምነው?»

«ለመመዝገብ ያለባትን ዕዳ ሁሉ ዘርዝራ ማሳወቅ ነበረባት። ባሌ ይሰማል ብላ ቀረች። ግዬዋን ግን እስከ መጨረሻው ጥላለች፤ ጓደኞቿ ምንም አላወቁም። ባሏ ያወቀው ቤቱን ልቀቁ ሲባሉ ነው። ልጆቹን ይዞ እናቱ ዘንድ ሄዷል።»

ብዙነህ ከጎኑ ተቀመጠ።

«በደወልኩ ቁጥር ማንም እንዳይሰማ ትለኝ ነበር፤ እሺ እላት ነበር» አለ ሚስተር ቻንግ። «አውሮፕላን ተሳፍሬ ሄጄ፣ ባሏን አስቀምጬ ላናግረው እችል ነበር። እኔ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ ምርጫ ስጠብቅ ከረምኩ።»

ያን ቀን ብዙነህ ማንንም አልመከረም። መንገደኛ ሲጭን፣ ሻንጣ ሲያወርድ ዋለ። ፈራ። ብድር የሰጡትን ሰዎች አልነበረም የፈራው፤ የሠርካለምን ፊት ነው።

ከሥራ ስትመለስ ወጥ ቤት ጠብቆ አገኛት። «ሠርኬ፣ አንዴ ተቀመጪ» አላት። ከዚያ ነገራት። ስለ ሰዓቱ መቀነስ፣ ስለዚያች እሁድ፣ ስለ ካርዶቹ።

«ሁለት ካርድ ነው?» አለች።

«አዎ» አለ። ጥቂት ቆየና፣ «ሦስት ነው» አለ። ሦስተኛውን ሊያስቀር ነበር።

የሠርካለም ድምፅ ረጋ ያለ ነበር፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

«ለዕቁብተኞቹ አንድ ወር እንኳ አላጎደልክባቸውም» አለች። «አንድ ወር። የእትዬ ማንአልሞሽን ፊት ፈራህ፣ የክፍሌን ሳቅ ፈራህ። እኔ ግን ብጎዳ ምንም አይደለም፤ የቤት ሰው ነኛ። በየቀኑ ቃልህ ነው ወይ ስልህ ቃሌ ነው ትለኝ ነበር እኮ፣ ብዙነህ።»

እሱ አለቀሰ፤ እሷ አላለቀሰችም። ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፤ እስክትወጣ እዚያው ወንበሩ ላይ ጠበቃት። ስትወጣ፣ «ገንዘቡ ለዕዳው ይሁን» አለች። «ትምህርት ቤቱን ለሚቀጥለው ዓመት ያዙልኝ ብዬ ልጠይቃቸው።»

በማግሥቱ ደወለች። ቦታ አንይዝም፣ እንደ አዲስ ማመልከት አለብሽ አሏት። ያን ጊዜ ነው ሠርካለም መኪና ውስጥ ብቻዋን ያለቀሰችው።

በዚያው ሳምንት ዕዳ ያለበትን ሰው በነፃ የሚያማክር ቢሮ አብረው ሄዱ። አማካሪዋ ለአበዳሪዎቹ እየደወለች ወለዱን ታስቀንስ ጀመር።

እሁድ ደረሰ። እትዬ ማንአልሞሽ ለብዙነህ ገንዘቡን ቆጥረው ከሰጡ በኋላ ለአዲሱ ዙር ስም መመዝገብ ጀመሩ።

«ብዙነህስ? ያው ሙሉ ነው መቼም።»

ብዙነህ ተነሳ። «ግማሽ ነው፣ እትዬ» አለ። «ያለፈውም ዙር ግማሽ መሆን ነበረበት። አፍሬ ነው ሙሉ ያልኩት። ከካርድ እየተበደርኩ ነው ስጥል የከረምኩት። ይህ አሁን የሰጡኝ ገንዘብ ነገ ለባንክ ነው የሚሄደው። የሠርካለም የነርስ ትምህርትም በኔ ምክንያት ቀረ።»

ክፍሌ ጫማውን ያያል።

እትዬ ማንአልሞሽ መነጽራቸውን አውልቀው ጥቂት አዩት። «ግማሽ» ብለው ጻፉ። «አዲስ ዙር ነውና ዋስ ጥራ።»

ብዙነህ ወደ ክፍሌ ዞር አለ፤ ሁልጊዜ ዋሱ እሱ ነበር። ክፍሌ ቀና አላለም። ከኋላ ከሴቶቹ መካከል፣ «እኔ ዋስ እሆነዋለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሠርካለም ነበረች።

«ልጄ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ» አሉ እትዬ ማንአልሞሽ። «ሚስት ለባሏ ዋስ አትሆንም። ኪሳችሁ አንድ ነው ብለን ነው።»

«አንድ አልነበረም፣ እትዬ» አለች ሠርካለም። «የባሌን ኪስ ያወቅሁት ገና በዚህ ሳምንት ነው።»

የሳቀ የለም። ብዙነህ እዚያው እንደቆመ አንገቱን ደፋ።

እትዬ ማንአልሞሽ ብዕሩን አስቀመጡ። «ተቀመጥ» አሉት። «ዋስህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔም አለበት፤ ይህንን ነገር በሰው ፊት መጠየቅ አልነበረብኝም። ከዛሬ ጀምሮ ሙሉም ግማሽም የሚይዝ ለየብቻ መጥቶ በጆሮዬ ይንገረኝ።»

ሰው ሲበተን አራት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ እሳቸው ጠጋ ብለው ግማሽ አሉ። የመጨረሻው ክፍሌ ነበር፤ እሱንም ያ ሁሉ ወር ሳይከብደው አልቀረም።

መንግሥታት ስለ ዕዳ ይከራከሩ፤ ሥራቸው ነው። ወለድ ይቀንስ የሚለውም፣ ይሰረዝ የሚለውም፣ ማበደሩ ይገደብ የሚለውም የየራሱ እውነት አለው፤ ድምፃችሁን ለመሰላችሁ ስጡ። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ሚስት የማታውቀውን፣ ባል የማያውቀውን ዕዳ የትኛውም አዋጅ መጥቶ አያወጣላችሁም። ዕቁባችንም የተሠራው ለመረዳዳት ነው፤ ሰው ለዕቁብ ብሎ ቤቱን ካራቆተ መረዳዳታችን የታለ?

ሠርካለም ዘንድሮ እንደገና አመልክታለች። መልስ አልመጣም፤ ይምጣ አይምጣ ማንም አያውቅም። ብዙነህ የጠፋውን ዓመት ሊመልስላት አይችልም።

ይህን የምታነብ ወንድሜ፣ የምታነቢ እህቴ፤ ቤትህ ውስጥ፣ ቤትሽ ውስጥ የማይታወቅ ካርድ ካለ፣ ምርጫ አትጠብቁ። ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ሄዳችሁ ንገሩ። ሦስተኛውንም ጨምራችሁ።